በ1977ቱ ሠፈራ የጠፋ ዘመድ ለምትፈልጉ፦ አያታችንን እንዴት እንዳገኘነው

በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሠፈራ ተነሥቶ ሄዶ ደብዛው የጠፋ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። የኛም ቤት ከነዚያ አንዱ ነበር። አያቴ ከየጁ ወጥቶ የት እንደገባ፣ ይኑር ይሙት ሳናውቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየን። በመጨረሻ መቃብሩን፣ ታሪኩንና እዚያ የወለዳቸውን ልጆች አገኘን። ይህን የምጽፈው ፍለጋውን ገና ላልጀመሩና ጀምረው ተስፋ ለቆረጡ ነው። እኛን ያደከመን አብዛኛው ነገር ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ባላደከመን ነበር።

አያቴ ከመርሳ ከፍ ብላ ባለች ቀዬ የሚኖር ገበሬ ነበር። ከእርሻው ጎን ሞፈርና ቀንበር እየጠረበ ገበያ ያወርዳል። በ1976 በልጉም ክረምቱም ከዳ። መጀመሪያ ፍየሎቹ፣ ቀጥሎ በሬዎቹ አለቁ። በ1977 ኅዳር ገደማ የበኩር ልጁን፣ የዐሥራ ሦስት ዓመቱን አጎቴን ይዞ እህል ወደሚታደልበት ጣቢያ ወረደ። ባለቤቱ፣ እምዬ የምንላት ሴት አያቴ፣ ሁለት የታመሙ ሕፃናት ታቅፋ ቤት ቀረች። አንዷ እናቴ ናት። እህል ይዘው ሊመለሱ ነበር የወጡት። በዚያው ቀሩ።

በዚያ ዘመን መንግሥት ከድርቁ አካባቢዎች ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ አጓጉዟል። ከግማሽ የሚበልጠው ወሎዬ ነበር። አንዳንዱ ለም መሬትና በሬ ይሰጣል፣ ቤተሰብም ከኋላ ይከተላል ስለተባለ ወዶ ተመዘገበ። አንዳንዱ ከገበያ ታፍሶ መኪና ላይ ተጫነ። ባል ከሚስት፣ እናት ከልጅ የተለያየው በዚህ ጥድፊያ ነው። አያቴ ወዶ ሄደ ወይስ ተገዶ የሚለው በቤታችን ውስጥ ለዓመታት ሲያቆስል ኖሯል። ከአባቱ ወገን የሆኑት «ታፍሶ ነው» ይላሉ፤ ከእምዬ ወገን አንዳንዶቹ «ጥሏት ሄደ» ይላሉ። እምዬ ራሷ አንድም ቀን አንዱን ደግፋ ስትናገር አልሰማኋትም። ሌላ ባል አላገባችም፤ ሐዘንም አልተቀመጠችም።

መንግሥት በ1983 ሲለወጥ ብዙ ሠፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። በእግሩ የመጣ ነበር፣ በልመና የተሳፈረ ነበር። እናቴ እንደምትለው እምዬ በዚያ ዓመት ከመርሳ መንገድ ዳር አትጠፋም ነበር። ከሲታና ጥቁር ሰው ባየች ቁጥር «ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?» ትላለች። አንዱ «አለ፣ ደህና ነው፣ መተከል፣ ፓዌ ነው ያየሁት» አላት። ሌላው «እንዲህ ያለ ሰው ጋምቤላ ሞቷል» አላት። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ስሙን ማንሣት ቀረ።

ፍለጋውን በደንብ የያዝነው እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። እንደ ማንም ሰው ከወረቀት ጀመርን። ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ጽፈን፣ ማመልከቻ አስገብተን፣ ደብዳቤ አጽፈን ከቢሮ ቢሮ ዞርን። በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ አለቀ። ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳነው። መተከል በዚያን ጊዜ ጎጃም ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበር፤ በኋላ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ገባ። የሠፈራውን ሥራ የያዙት መሥሪያ ቤቶችም ፈርሰዋል፣ ተቀላቅለዋል፣ ስማቸው ተለውጧል። የተረፈ መዝገብ ቢኖርም ሰውየው በዚያ ግርግር ስሙን እንዴት እንዳስመዘገበ የሚያውቅ የለም። አያቴ በቤት የሚጠራበት ስም ሌላ፣ የወጣለት ስም ሌላ ነበር። ጸሐፊው ደግሞ የሰማውን እንደመሰለው ነው የጻፈው። ስለዚህ ወደ ቢሮ አትሂዱ አልልም፤ ቢሮ ላይ ብቻ ተስፋችሁን አትጣሉ።

በዚያ መሃል አንድ ሰው «አያታችሁን አውቀዋለሁ፣ ልጆቹንም አገናኛችኋለሁ» ብሎ ብር ወሰደብን። በስልክ «አጎታችሁ» ብሎ ያገናኘን ሰው ስለ እምዬ ስም ሲጠየቅ መስመሩ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ከሰጣችሁት መረጃ ውስጥ አንድ ነገር ለራሳችሁ አስቀሩ። የሰውነት ምልክት ይሁን፣ የቤት ስም ይሁን፣ በቤተሰቡ ብቻ የሚታወቅ ነገር ይሁን። የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ይናገረዋል። የማያውቅ ከናንተ አፍ ነው የሚለቅመው።

ነገሩ የተለወጠው በለቅሶ ቤት ነው። መርሳ አንድ ዘመድ ሞቶ ተቀምጠን ሳለ፣ ከሠፈራ በ1984 የተመለሱ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ። ስሙን ጠርቼ ጠየቅኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ የተቀመጡ የእምዬ ታናሽ እህት «ጠራቢ ነበር እኮ፣ የግራ ጠቋሚ ጣቱን ምሳር ቆርጦበታል» አሉ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«ጠራቢው?» አሉ። «የጁዬው ጠራቢ? እሱማ የፓዌ ነው። ለኔም እጄታ ጠርቦልኛል።»

እዚያ ሁሉም የሚጠራው በሙያውና በአገሩ ነበር። ሠፋሪ ከሠፋሪ ሲገናኝ «የጁዬው»፣ «ላስቴው»፣ «ቃሉዬው» ነው የሚባባለው። መታወቂያ ላይ ያለውን ስም ጎረቤቱ እንኳ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ካሉት አዛውንቶች ዘንድ ተቀመጡና እነዚህን ጠይቁ፦ በምን ሙያ ይታወቅ ነበር? ጠባሳ፣ ጉድለት፣ አካሄድ፣ አነጋገር ነበረው? መንዙማ ያወርድ ነበር? ይፎክር ነበር? በዚያ ቀን ከሱ ጋር ከቀዬው ማን ማን ወጣ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ሰዎቹን በአብዛኛው በመጡበት አካባቢ እያሰባሰቡ ስላሠፈሯቸው፣ አንዱን ያገኘ ሌላውን ያገኛል።

በ2010 ዓ.ም. በጋ ላይ ከእናቴ ታናሽ ወንድምና ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተነሣን። ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ ስል ለወግ አይደለም። ወጣት ብቻውን ገብቶ «የእገሌ ዘር ነኝ» ሲል፣ እዚያ ያሉ ልጆች መሬት ሊካፈል የመጣ ነው የሚመስላቸው። እውነታቸውን ነው። ሽማግሌያችን ገና ከተቀመጥን «እኛ ከመሬታችሁም ከቤታችሁም የምንፈልገው የለም፤ የሞተውን ለመቅበር፣ ያለውን ለመሳም ነው የመጣን» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ፊቱ የተፈታው። እናንተም ይህን ከሁሉ በፊት ተናገሩ፤ ከተናገራችሁም ጠብቁት።

በባሕር ዳር፣ በእንጅባራና በቻግኒ አድርገን ግልገል በለስ ደረስን፤ ከዚያ ወደ ፓዌ። መንደሮቹ በበለስ ወንዝ ግራና ቀኝ የተሠሩ ናቸው፤ የሚጠሩትም በቁጥር ነው። ወሎዬው፣ ሐዲያው፣ ከምባታው፣ ጎጃሜው ተጎራብቶ ይኖራል። እኛ ገበያ ቀን ጠብቀን ነበር የገባነው፤ ከየመንደሩ ያለው አዛውንት በእግሩ ስለሚመጣ ቤት ለቤት ከመዞር ያድናል። እርፍና እጄታ ከሚሸጡት ዘንድ ሄደን «የጁዬው ጠራቢ» አልን። የሚሸጠው ጎልማሳ «እኔ ያስተማረኝ እሱ ነው» አለን።

ከዚያ ወደ መንደሩ ቅሬ፣ ማለትም የቀብር ዕድር፣ ሰብሳቢ ወሰደን። የቅሬውን መዝገብ ያየሁባትን ሰዓት እስካሁን አልረሳትም። ጠርዙ በጨርቅ የተሰፋ ትልቅ ደብተር ነው፤ ምስጥ አንዱን ጥግ በልቶታል። እያንዳንዱ አባል አንድ ረድፍ አለው፤ የወሩ መዋጮ በተከፈለ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። የአያቴ ስም በወጣለት ስም ነው የተጻፈው፤ ከጎኑ በቅንፍ «ጠራቢው» ተብሏል፤ «ትውልድ፦ ወሎ፣ የጁ አውራጃ» ይላል። ቀዩ ምልክት ወር ሳይዘል ይመጣና 1996 ነሐሴ ላይ ይቆማል። በሌላ ገጽ የወጪ ዝርዝር አለ፦ ለከፈን፣ ለቡና፣ ለስኳር። የእናቴ ወንድም ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበውና ደብተሩን ለኔ አቀብሎ ወጣ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የሞተ ሰው ከምትፈልጉበት መዝገብ ሁሉ ቅሬው ወይም ዕድሩ ይቅደም። ሰው ግብሩን ባይከፍል እንኳ የቀብር መዋጮውን ይከፍላል። ክርስቲያን ከሆነ የሰበካውን ቄስና የማኅበሩን ሰዎች፣ ሙስሊም ከሆነ የመስጊዱን ኢማምና ጀናዛ የሚያጥቡትን ጠይቁ።

ሚስት ነበረችው። ከላስታ የመጣች፣ ባሏ በደረሱ በመጀመሪያው ክረምት የሞተባት ሴት ናት። ሁለት ልጆች ወልደዋል። ሴትየዋ ስታየን አልደነገጠችም። «እንደምትመጡ አውቅ ነበር፣ ዘገያችሁ» ብላ ቡና አፈላች። አቦሉ እስኪወጣ ድረስ የሞቱን ነገር አላነሣንም፤ ይህንንም ሽማግሌው ነበሩ የመከሩን። «መቼ ሞተ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ያሳጥሩባችኋል። «እዚህ ሲደርስ ምን ሠራ?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሕይወቱን ሁሉ ታገኛላችሁ። በስልክ ለመቅዳት ፈቃድ ጠይቁና ዝም ብላችሁ ስሙ።

እንዲህ አለችን። ጣቢያው ላይ «የተመዘገበ ዛሬውኑ ይበላል» ስለተባለ አያቴ የተመዘገበው ለልጁ ሲል ነው፤ ልጁ መቆም አቅቶት ነበር። ቤት ተሠርቷል የተባለው አልተሠራም፤ በዘመቻ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቀርከሃና ከሣር ጎጆ ሲሠሩ ነው የደረሱት። አገሩ ሙቀት ነው፣ ደገኛ የማያውቀው ወባ አለ፣ ከብት ቢገባም ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ይጨርሰዋል። መሬቱም ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዞች ይኖሩበት የነበረ ነው። ሳይጠየቁ ሰው ሲሠፍርባቸው እነሱ ተከፉ፤ ሳይጠየቅ የመጣው ሠፋሪ ደግሞ ጥፋቱ ሳይገባው ይፈራ ነበር። በዚህ መሃል በሁለቱም ወገን ደም ፈሷል። አያቴ የመጥረቢያ እጄታ እየጠረበ ለጉሙዞች ይሰጥ ነበር፤ በዚያው ቋንቋቸውን ለመደ። ሲያልፍ ሲያገድም ማር ያመጡለት ነበር አለች።

አጎቴ በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተ። በዚያ ክረምት ብዙ ሕፃን ስለሞተ አንዳንዱን ጉድጓድ ለሁለት ለሦስት ነበር የሚቆፍሩት። መቃብሩን አላገኘነውም፤ ሴትየዋ ያሳየችን ሜዳ አሁን የበቆሎ እርሻ ነው።

ጣሊያኖች የጣና በለስ ፕሮጀክትን በ1978 ሲጀምሩ አያቴ በአናጢነት ተቀጠረ። ያ ዘመን ሳይሻል አልቀረም። ፕሮጀክቱ ሲቆምና መንግሥት ሲለወጥ ግማሹ መንደር ወደ ወሎ ነቀለ። አያቴም ጓዙን አስሮ ነበር። ከጎረቤቶቹ ጋር ቻግኒ ድረስ ወጣ፤ ከዚያ ብቻውን ተመለሰ። ሚስቱ ለምን ብትለው «ልጁን የት አደረስከው ስትለኝ ምን እላታለሁ?» አላት። ሌላ አልጨመረም። የቀሩትን ዓመታት ከወሎ ሰው ሲመጣ ሰላምታ ይልክ ነበር አለችን፤ ሰላምታው ለምን እንዳልደረሰን አላውቅም። ነሐሴ ላይ ወባው አገረሸበት፣ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ ሆስፒታል ሳይደርስ ቀረ። ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብሰባ፣ ተቀምጠው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዱዓ አድርጎ ነው የሸኙት።

ወደ ቤት ስንመለስ የቀረው ከባዱ ነገር መርዶው ነበር። ብዙ ቤተሰብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በስልክ ይነግራሉ፣ ወይም «አሮጊት ናት፣ ባታውቅ ይሻላል» ብለው ይደብቃሉ። ሁለቱንም አታድርጉ። ይህን ያህል ዓመት የጠበቀ ሰው ቁርጡን ማወቅ መብቱ ነው። እምዬ የደም ግፊት ስላለባት አስቀድመን መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን አረጋገጥን፣ ከሐኪምም ጋር ተነጋገርን። እህቶቿ በዋዜማው መጥተው አብረዋት አደሩ። ጎሕ ሲቀድ ኢማሙና ሽማግሌዎች ገቡ። መርዶውን የነገሯት ሽማግሌ ከኛ ጋር የሄዱት ነበሩ፤ ዐይኑ ያየው ሰው ይናገር ብለን ነው።

አለቀሰች። ደረቷን መታች። ስትጠግብ ግን መጠየቅ ጀመረች፤ እኛም ምንም ላለመደበቅ ተስማምተን ነበር። ስለ ልጁ ሲነገራት «ይህን አውቃለሁ፣ ሆዴ ነግሮኝ ነበር» አለች። ስለ ሌላዋ ሚስት ሲነገራት ትንሽ ዝም ብላ «ታጥበው ነበር? ታበስልለት ነበር?» አለች። አዎ አልናት። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከቻግኒ መመለሱን ስትሰማ ግን ተቆጣች። «እኔ እኮ ልጁን ከሱ አልጠይቅም ነበር! ማን ገደለው እላለሁ እንዴ?» እያለች ከሐዘኑ ሁሉ በላይ በዚህ ተንገበገበች። አያቴ በአፍረት የፈራው ጥያቄ እምዬ አፍ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ በሕይወት ያለ ዘመድ ካገኛችሁና «በምን ፊቴ እመለሳለሁ» የሚል ከሆነ፣ ቤት ያለው ሰው ምን እንደሚል በራሱ ድምፅ ቀድታችሁ ወስዳችሁ አሰሙት። ብዙ ሰው እዚያ የቀረው በፍርሃትና በአፍረት ነው።

ኢማሙን ስለ ዒዳዋ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ስለምትጠብቀው ጊዜ፣ ጠይቀናቸው ነበር፤ ዒዳ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር ጊዜው እንዳለፈ ነገሯት። ይህ እሷን በጣም አረጋጋት። በየሃይማኖታችሁ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመርዶው በፊት ጠይቁ፤ ሐዘንተኛ መልስ እየጠበቀ አይቀመጥ። ሰደቃውን በሁለቱም አገር በአንድ ቀን አወጣን።

ከሁለቱ ልጆች አንዷ በዓመቱ መጥታ እምዬን ሳመች። እምዬ እጇን አገላብጣ እያየች «ጣቶቿ የሱ ናቸው» ስትል ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በመተከል፣ ቀጥሎም በወሎ የደረሰውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ተፈናቀለ፣ ደብተርና ፎቶ ያለበት ቤት ተቃጠለ። እምዬም አሁን በሕይወት የለችም። እኛ ሁለት ዓመት ብንዘገይ ኖሮ ሁሉንም አናገኘውም ነበር። የሚያውቁት አዛውንቶች ሰማንያን እየተሻገሩ ነው፤ እርሻ አልቆ፣ ልጅ ተድሮ እስኪመቻችሁ አትጠብቁ። መሄድ ባይመቻችሁ፣ መንገዱ ሰላም እስኪሆን ቢያንስ በስልክ ጀምሩ፤ ከመነሣታችሁም በፊት እዚያ ያለ ሰው ስለ መንገዱ ይንገራችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቅሬው መዝገብ ላይ፣ ሰብሳቢውን አስፈቅጄ፣ «ወሎ» የሚል የተጻፈባቸውን ሰዎች ስምና የትውልድ ቀዬ ሁሉ ገልብጬ መጥቼ ነበር። መርሳና ውርጌሳ ላይ ከጁምዓ ሰላት በኋላ በመስጊድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሰጠነው። ስም ሰምተው እያለቀሱ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ የስልክ ቁጥር ሰጠናቸው፣ ቀሪውን ራሳቸው ጨረሱት። እናንተም ስትሄዱ የራሳችሁን ሰው ስም ብቻ አይታችሁ ደብተሩን አትዝጉ። የሌላውንም ገልብጡ፤ ቀዬውን በትክክል ጻፉ፣ ከመገልበጣችሁ በፊት ሰብሳቢውን አስፈቅዱ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶ አታንሡ፤ በሕይወት ያለ ሰው ከሆነም መገኘት ይፈልግ እንደሆነ ራሱን ሳትጠይቁ አድራሻውን ለማንም አትስጡ።